ማኔጅድ ስዊች ገዛን፣ ኔትወርኩ ግን ያው ነው። ምኑን ልንካ?

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

እንዴት አመሻችሁ ቤተሰብ። ደሴ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ ላይ ነው የምሠራው። ስሙን ተዉት።

ሕንፃው ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ሁለት ላብ አለን፣ እያንዳንዱ 24 ኮምፒውተር፤ ላቦቹ የየራሳቸው ተራ ጊጋቢት ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኝ ሳጥን) አላቸው። ከዚያ ሬጅስትራር፣ ፋይናንስ፣ 12 ካሜራ፣ እና ፓስወርዱን ከግቢው ድመት በስተቀር ሁሉም የሚያውቀው ዋይፋይ። ምድር ቤት አንድ ሰርቨር አለ፣ የተማሪው የልምምድ ፋይል እሱ ላይ ነው።

ችግሩ ጠዋት 2:30 ላይ ነው የሚጀምረው። ሁለቱም ላብ ሲሞላ ሁሉም ነገር ይሞታል። ፋይል አይከፈትም። ሬጅስትራር “ኔትወርክ የለም” ይልና መስኮቱን ይዘጋል። ተማሪው በዚያ ብርድ ኮሪደር ላይ ተሰልፎ ይቀራል። አለቃዬ መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ፍጥነት አስጨመረ። ምንም። ቀጥሎ አንድ ሰው “ማኔጅድ ስዊች ግዙ” አለን፣ ሴቲንጉ የሚከፈተውን ማለቱ ነው። ያገለገለ ባለ 24 ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ጊጋቢት ከአዲስ አበባ አስመጣን። የድሮውን ነቅዬ ገመዶቹን እንዳሉ ሰካኋቸው።

ያው ነው። ሴቲንጉን ብከፍተው ደግሞ አያልቅም። ቪላን፣ ኪውኦኤስ፣ ስፓኒንግ ትሪ፣ አይጂኤምፒ፣ ኤልኤሲፒ... የቱን ነው የማበራው?

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:58

ወንድሜ ብራችሁን በላችሁት። ማኔጅድ ለባንክ ነው። ተራ ጊጋቢት ይበቃችሁ ነበር።

ቦርከና (ኮምቦልቻ) ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰኞ_ገበያ ግማሹን እውነት ብሏል። ማኔጅድ ስዊች ከካርቶን ወጥቶ ዝም ብሎ ከተሰካ ተራ ስዊች ነው። ስሙ አያፈጥነውም። ልዩነቱ ዓይን ያለው መሆኑ ነው። የትኛው ፖርት በስንት ፍጥነት እንደተያያዘ፣ ስንት የተበላሸ ፍሬም (የዳታ እሽግ) እንደገባበት፣ ማን መንገዱን እንደሞላው ያሳይሃል። ተራው ላይ መብራቷን ከማየት በቀር ምንም የለህም።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ገና ምንም እንዳታበራ። ነገ ጠዋት ልክ ሲብስበት አንዱ ላብ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ በልና ሰርቨሩን ፒንግ አድርገው፤ ትንሽ መልእክት ልከህ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ እይ። ኢንተርኔቱን አይደለም፣ ያንን ምድር ቤት ያለውን። እሱም ከዘገየ ጥፋቱ ከግቢ አልወጣም ማለት ነው፤ የጨመራችሁት የኢንተርኔት ብርም በከንቱ ሄዷል። ከዚያ የስዊቹን የፖርት ስታቲስቲክስ ክፈትና ሁለት ነገር ብቻ እይ፤ የሊንኩን ፍጥነትና ሲአርሲ የሚለውን የስሕተት ቁጥር። ቁጥሩን ዜሮ አድርገህ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለስበት። የድሮ ስሕተት አያታልልህ።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ማክሰኞ፣ ከቀኑ 5:10

ፒንጉ ባዶ ላብ ላይ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነበር። 2:35 ላይ 300፣ 400 ገባ። ጭራሽ የሚጠፋም አለ። እና ከግቢ አልወጣም።

ሲአርሲ ብዙም የለም። ግን ከካሜራና ከፕሪንተር በቀር ሁሉም ፖርት 1000 ሜጋቢት ይላል፣ ፖርት 3 ብቻ 100። ፖርት 3 የማን እንደሆነ ገምቱ።

ሰርቨሩ።

የሐይቅ_ልጅ (ሐይቅ) ማክሰኞ፣ ከቀኑ 5:31

ሃሃ። ሁለት ላብ ሙሉ ሰው በአንድ ቀጭን በር ሲጋፋ ነዋ። ሂሳቡን ሥራው። 100 ሜጋቢት ማለት ቢበዛ በሰከንድ 12 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ ላብ ብቻ፣ 24 ልጅ፣ 50 ሜጋባይት ፋይል በአንዴ ሲከፍት 1200 ሜጋባይት ይሆናል። 100 ሰከንድ። ጊጋቢት ቢሆን ዲስኩ ከቻለ ወደ 11 ሰከንድ።

የሰርቨሩን ኬብል ጫፉን አውጥተህ ሽቦዎቹን ቁጠር። 100 የሚሠራው በአራት ሽቦ ነው፤ 1፣ 2፣ 3 እና 6። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ከቀሩት አራቱ አንዷ ከላላች ብዙ ካርድ ሳይናገር ወደ 100 ይወርዳል።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ቆጠርኩ። አራት!

ሌሎቹ አራቱ የት እንደገቡ ልንገራችሁ። ኬብሉን እየተከተልኩ ኮርኒስ ውስጥ ገባሁ። ልብሴ አቧራ ብቻ ሆነ። መሀል ላይ ልባሱ ተልጦ ለሁለት ተከፍሏል። ብርቱካናማውና አረንጓዴው ጥንድ ወደ ሰርቨር፣ ሰማያዊውና ቡናማው ጥንድ ወደ ሬጅስትራር ፕሪንተር። የተከፈለበት ቦታ በፕላስተር በጥንቃቄ ተጠቅልሏል። የዘረጋው ሰው አንድ ኬብል ለሁለት አካፍሎ የቀረውን ይዞ ሄዷል።

አዲስ ኬብል ሳብኩ። ፖርት 3 አሁን 1000 ይላል። ነገ እናያለን።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:22

ቁርባን ነው እንዴ ኬብል የሚቆርሱት 😂

ቦርከና (ኮምቦልቻ) ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ይኼ በጣም የተለመደ ነው። በ100 ዘመን ይሠራ ስለነበር ማንም አይጮህም። አሁን ግን ዓይን ያለው ስዊች ባይኖርህ ፖርት 3ን መቼ ታገኘው ነበር? ሰኞ_ገበያ፣ ለባንክ ነው ያልከውን አንሳ።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:00

ጠዋት ሁለቱም ላብ ሞልቶ ፋይሉ ተከፈተ። አስተማሪው “ምን አደረግክ?” አለኝ። “ሽቦ ቆጠርኩ” አልኩት። የቀልድ መስሎት ሳቀ።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:45

ትላንት ቶሎ ተደሰትኩ። ዛሬ 8:00 ላይ ሁሉም ነገር በአንዴ ወደቀ። ዘገየ አይደለም፣ ወደቀ። ሃያ ደቂቃ። የስዊቹ መብራቶች ሁሉም እኩል እየበሩ እየጠፉ ነበር። ላብ 2ን ከዋናው ስዊች ስነቅለው ሌላው ተመለሰ።

ወልድያዋ (ወልድያ) ሐሙስ፣ ከቀኑ 9:10

አብሽር ወንድሜ፣ ሉፕ ነው። መብራቶቹ እንደ ሠርግ ድንኳን እኩል ብልጭ ድርግም ካሉ ሌላ አትጠርጥር። ላብ 2 ሂድና ጠረጴዛ ስር ፈልግ። ሁለቱም ጫፉ አንድ ስዊች ላይ የተሰካ ገመድ ታገኛለህ።

ለምን እንዲህ ይከፋል? የአይፒ ፓኬት በየራውተሩ ባለፈ ቁጥር ዕድሜው አንድ ይቀነስበትና መጨረሻ ላይ ይሞታል። ስዊች የሚያመላልሰው ፍሬም ግን ዕድሜ የሚባል ነገር የለውም። አንድ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) ክብ መንገድ ካገኘ ገመዱ እስኪነቀል ይዞራል፤ እየዞረም ለሁሉም ፖርት ይባዛል። ራዲያ ፐርልማን የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1985 ስፓኒንግ ትሪን የፈጠረችው ይህን ክብ ለመቁረጥ ነው። ስዊቾቹ እየተነጋገሩ ትርፍ የሆነውን መንገድ ይዘጋሉ።

ያንተ ስዊች ሁለት ዓይነት ካሳየህ ራፒድ የሚለውን ምረጥ። የድሮው ዓይነት፣ መንገድ ሲቀየር፣ ለመረጋጋት ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል። ራፒዱ ወዲያው ነው ማለት ይቻላል። ቀጥታ ኮምፒውተር የተሰካባቸውን የቢሮ ፖርቶች ደግሞ “ኤጅ” (የዳር ፖርት) አድርጋቸው። ይህን ያላደረገ ሰው መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ይሰደባል። ፖርቱ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ ነው የሚያሳልፈው። ኮምፒውተሩ እስከዚያ አይጠብቅም። አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ጠይቆ ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ይሰጥና ቁጭ ይላል።

የሐይቅ_ልጅ (ሐይቅ) ሐሙስ፣ ከቀኑ 9:34

ወልድያዋ ያለችው ልክ ነው፣ ግን ላብ_ጠባቂን ስፓኒንግ ትሪ ብቻውን ላያድነው ይችላል። ሉፑ ያለው ተራ ስዊች ውስጥ ነው። አንዳንድ ተራ ስዊች የስፓኒንግ ትሪን መልእክት ውጦ ያስቀረዋል፤ ዋናው ስዊች ምንም ሳያውቅ ጎርፉ ይደርሰዋል። “ሉፕ ዲቴክሽን” የሚል ለብቻው ካለ እሱንም አብራ። የራሱን ምልክት ይልክና በዚያው ፖርት ከተመለሰበት ፖርቱን ይዘጋል። ላብ 2 በሙሉ ይወጣል፣ እውነት ነው። ሬጅስትራር ግን ይተርፋል።

ስቶርም ኮንትሮል የሚለውንም እዚያው አጠገቡ ታገኘዋለህ። ለብሮድካስት ጣሪያ አስቀምጥለት።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12:50

አገኘሁት። ጥግ ላይ ባለ 5 ፖርት ትንሽ ስዊች አለች። አንድ ተማሪ ገመድ መሬት ወድቆ አይቶ “ተነቅሏል” ብሎ ሰካው። ደግ ልጅ ነው፣ ምን ይባላል። ሁለቱንም አበራሁ። ሆን ብዬ ገመዱን መልሼ ሰካሁት፤ ፖርቱ ወዲያው ተዘጋ፣ ሌላው ቤት ምንም አልተሰማው።

አሁን ቪላን ልሥራ?

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:05

እኛ ኮንዶሚኒየም አልደረሰንም፣ እናንተ ቪላን።

ቦርከና (ኮምቦልቻ) ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:30

ቪላን አንድን ስዊች በሐሳብ ግድግዳ መከፋፈል ነው። ከ1 እስከ 4094 ቁጥር ይሰጠዋል። አንዱ ክፍል ውስጥ የተጮኸ ሌላው ክፍል አይሰማም። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ 100 የማይሞላ መሣሪያ ላይ የብሮድካስት ጫጫታ ብቻውን ኔትወርክ አይገድልም። “ቪላን ሥራ ይፈጥንልሃል” የሚልህን አትመን። ያንተ ምክንያት ሌላ ነው። የዋይፋዩ ስልክ ሁሉ ከፋይናንስ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጡ ያሳፍራል።

ላቦቹን 10፣ ቢሮውን 20፣ ካሜራውን 30፣ ዋይፋዩን 40 በል። እና አሁን የምነግርህን በደንብ ስማ። ሰርቨሩን ላቦቹ ያሉበት 10 ውስጥ አስቀምጠው። ከአንዱ ቪላን ወደ ሌላው የሚሄድ ነገር ሁሉ በራውተሩ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ራውተርህ ባለ 100 ከሆነና ሰርቨሩን ለብቻው ካስቀመጥከው፣ ኮርኒስ ውስጥ ገብተህ ያስተካከልከውን በገዛ እጅህ መለስከው ማለት ነው። ቪላን ሠርቶ ኔትወርኩን ያዘገየ ሰው ስንት አይቻለሁ መሰለህ።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:15

እና ራሴን ከውጭ ቆለፍኩ።

የተቀመጥኩበትን ፖርት ወደ 20 ቀየርኩት። የስዊቹ ማስተዳደሪያ ገጽ ያለው ቪላን 1 ላይ ነው። “አፕላይ” ስል ገጹ ደረቀ። ፒንግ የለም፣ ምንም የለም።

ወልድያዋ (ወልድያ) ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:19

ሴቭ አድርገሃል? አፕላይና ሴቭ በብዙ ስዊች ላይ የተለያዩ ናቸው።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:21

አላደረግኩም።

ወልድያዋ (ወልድያ) ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:22

ተመስገን በል። ሶኬቱን ነቅለህ መልሰህ ሰካው። ወደ ድሮው ይመለሳል።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:30

ተመለሰ! አሁን አንድ ፖርት፣ ፖርት 24ን፣ ለእኔ ላፕቶፕ ብቻ ተውኩት። ማንም አይነካውም።

የሐይቅ_ልጅ (ሐይቅ) ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:44

የዚህ ተገላቢጦሽም አለ። እኔ ሙሉ ቀን ለፍቼ ሠርቼ ሴቭ ሳላደርግ ቤቴ ሄድኩ። ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ስዊቹ እንደ ተወለደ ሕፃን ምንም አያውቅም። እዚህ አገር መብራት ስለማይታመን ሞክር፣ እርግጠኛ ስትሆን ሴቭ በል፣ ከዚያ ፋይሉን አውርደህ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ። ፓስወርዱንም ቀይር። ያገለገለ ስዊች ላይ “አድሚን አድሚን” እንዳለ ተትቶ ማየት ሰልችቶኛል።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ቅዳሜ፣ ከቀኑ 4:30

ቪላኑ ሠራ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተር 192.168.0 የሚል አይፒ ይዟል። የእኛ እንዲህ አይልም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ) ቅዳሜ፣ ከቀኑ 4:52

አንዱ ሠራተኛ ከቤቱ የዋይፋይ ራውተር አምጥቶ የሰው መስመር ላይ ሰክቷል። ራውተሩም በደግነት አይፒ ያድላል። “ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ” አብራና ዋናው ራውተር ያለበትን ፖርት ብቻ “ትረስትድ” በለው። ከሌላ ፖርት የሚመጣ የአይፒ እደላ ይጣላል። ራውተሩን ግን ሂድና በሰላም ንቀልላቸው። ሰው ዋይፋይ ቢሮው አልደርስ ስላለው ነው የሚያመጣው።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7:05

ፋይናንስ ቢሮ፣ የአበባ ማስቀመጫ ጀርባ። ወላሂ።

ሌላ ጥያቄ። አስተማሪው የራሱን ስክሪን ለሁለቱም ላብ በአንዴ የሚያሳይበት ፕሮግራም አለው። ሲከፍተው ዋይፋዩ ይንቀራፈፍ ነበር። አይጂኤምፒ ስኑፒንግ አብራ የሚል አንብቤ አበራሁ። ዋይፋዩ ደህና ሆነ። ግን ላብ 2 ላይ ስክሪኑ አራት ደቂቃ ገደማ ይሠራና ቀጥ ይላል። እንደገና ሲከፍቱት እንደገና አራት ደቂቃ።

ወልድያዋ (ወልድያ) ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7:40

ይህን ጥያቄ ስለወደድኩት ምሳዬን ትቼ ነው የምጽፈው።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም መልቲካስት ይጠቀማል። አንዴ ይላካል፣ የሚፈልጉት ሁሉ ይቀበላሉ። ስኑፒንግ የሌለው ስዊች ፈላጊውን ስለማያውቅ ለሁሉም ይረጨዋል። ቪላኑን ሳትሠራ ካሜራውም፣ ፋይናንሱም፣ ዋይፋዩም ይደርሳቸው ነበር። ዋይፋይ ደግሞ መልቲካስትን አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛው ፍጥነቱ ስለሚልከው አየሩን ይሞላዋል።

ስኑፒንግ ሲበራ ስዊቹ “እኔ እፈልጋለሁ” የሚሉትን መልእክቶች አዳምጦ ይመዘግባል። ምዝገባው ግን ያረጃል። ማንም ካላደሰው የተለመደው ዕድሜው 260 ሰከንድ ነው። አራት ደቂቃ ከ20። የቆጠርካት አራት ደቂቃ እሷ ናት! እንዲታደስ አንድ ሰው በየ125 ሰከንዱ “አሁንም የምትፈልጉ አላችሁ?” ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ጠያቂ “ኩዌሪየር” ይባላል። ባብዛኛው ራውተር ነው የሚሠራው፤ የእናንተ ቤት ግን የለም። ስዊቹ ራሱ እንዲጠይቅ ለቪላን 10 ኩዌሪየሩን አብራ።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:20

ላብ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ በሰዓት ያዝኩ። አምስት ደቂቃ። አሥር። ሃያ። አልቆመም። ወልድያዋ፣ ደሴ ስትመጪ ቡና ጀባ እላለሁ።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:31

እሺ ተሸነፍኩ፣ ማኔጅድ ይሻላል። ኪውኦኤስና ኤልኤሲፒስ? እኔም ሱቄ ልገዛ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ) ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:00

ለሱቅህ ሁለቱም አያስፈልጉህም።

ኪውኦኤስን በሐረጎ አስበው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ፊትህ የጫነ ሲኖትራክ ካለ አምቡላንስ ቅድሚያ ቢሰጠው ይጠቅማል። መንገዱ ባዶ ከሆነ ቅድሚያው ምን ይሠራል? ከ0 እስከ 7 ስምንት እርከን አለ፤ ጥቅሙ የሚታየው ፖርቱ ሲጨናነቅ ብቻ ነው። የአይፒ ስልክ ያለው ቢሮ ድምፁን ከፍ ያድርግለት። ሁሉንም “አስቸኳይ” ያለ ሰው ምንም አላስቸኮለም።

ኤልኤሲፒ ሁለት ገመድ አቆራኝቶ እንደ አንድ ያሠራል። ሁለት ባጃጅ በለው። ብዙ ሰው ካለ ሁለቱም ይሞላሉ። አንድ ሰው ግን ሁለት ባጃጅ ላይ ተቀምጦ በእጥፍ ፍጥነት ፒያሳ አይደርስም። አንድ ፋይል ለአንድ ኮምፒውተር ሲላክ በአንዱ ገመድ ብቻ ነው የሚሄደው። ለላብ_ጠባቂ ሰርቨር ግን፣ ሁለት ካርድ ካለው፣ 48 ተማሪ ስለሚጋፋበት ይጠቅመዋል። የግድ ግን አይደለም።

ጃምቦ ፍሬምን (ከተለመደው የሚተልቀውን ፍሬም) አትንኩት። ከዳር እስከ ዳር ሁሉም መሣሪያ ካልተስማማበት ራስ ምታት ነው።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሁለተኛ ሳምንት። ሁሉም ደህና ነው፣ ከአንድ ነገር በቀር። ዛሬ የስዊቹን ገጽ ስከፍት “ከተነሳ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ” ይላል። መብራት አልጠፋም፣ ዩፒኤስም አለው። ሎጉን (የክስተት መዝገቡን) ብከፍት ቀኑ እ.ኤ.አ. 1970 ነው የሚለው።

የሐይቅ_ልጅ (ሐይቅ) ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ አላደረግከውም። ኤንቲፒ የሚለው ጋ ግባ። አለበለዚያ በተነሳ ቁጥር 1970 ላይ ይጀምርብሃል፣ ሎጉም አይጠቅምህም። ካስተካከልክ በኋላ ሁለት ቀን ጠብቅና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ እይ።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ) ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:40

ረቡዕ 12:58። ሐሙስ 1:03። በየቀኑ አንድ ሰዓት አካባቢ። ዛሬ 12:50 ላይ ምድር ቤት ወርጄ መብራት ሳላበራ ቁጭ አልኩ።

1:01 ላይ የጥበቃችን ጋሼ ገቡ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ከዩፒኤሱ ላይ አንዷን ሶኬት ነቅለው የስልካቸውን ቻርጀር ሰኩ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው ቻርጀሩን ወደ ሌላኛው ቀዳዳ አዛወሩና የእኛን መልሰው ሰኩ። ስዊቹ ሲነሳ ጩኸቱን ሰምተው “አንተም ብርድ ገባህ?” አሉት።

ከላይኛው ሱቅ አንድ ማከፋፈያ ገዝቼላቸው በራቸው ድረስ ሳብኩላቸው። ስዊቹ አሁን ከተነሳ 34 ደቂቃው ነው።